ሐሸንጌ፦ ለመቐለ ቅርብ የሆነው የዓሣ ሐይቅ

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በስተምሥራቋ ያለው የአፋር ቆላ ግን በአንዳንድ ስፍራዎች ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ ለነዋሪዋ የሚቀርበው ጨዋማ ውሃ ከቀይ ባሕር ይልቅ በዚሁ በረሓ የሚገኘው ነው። በበረሓው ያለው የዳሎል አካባቢ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ መገናኛው ተዘግቶ ውሃው በፀሐይ ሲተን፣ በግመል ተጭኖ ወደ መቐለ ገበያ ሲመጣ የኖረው አሞሌ ጨው ከሥሩ ቀረ። በዚያው ባለው የአሳሌ ሐይቅ ጨው ይቆረጣል እንጂ ዓሣ አይጠመድም። ከዚያ በስተደቡብ ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ከውቅያኖስ ውሃ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨው ቢይዝም፣ በዳርቻው ፍል ውሃ በሚፈልቅባቸው ቦታዎች በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ትናንሽ ዓሦች ይኖራሉ፤ እነዚህ ግን የተመራማሪ ሀብት እንጂ የምሳ ዓሣ አይደሉም።

ስለሆነም በጀልባ ዓሣ አጥምዶ መዋል የሚሻ የመቐለ ቤተሰብ የሚያቀናው ወደ ደቡብ፣ አላጄንና ማይጨውን አልፎ በኮረም አቅራቢያ ወደሚገኘው ሐሸንጌ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከቦ የሚገኝ ሲሆን፣ ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ በብዙ አንባቢ ዘንድ ከዓሣ ይልቅ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ያፈገፍግ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር በኢጣሊያ አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተደበደበበት ስፍራ በመሆኑ ይታወቃል። በሥነ ምድር ረገድ ደግሞ ዝግ ሐይቅ ይባላል፤ ይህም ከተራሮቹ የሚወርደውን ጎርፍና ምንጭ ተቀብሎ በገጸ ምድር የሚያስወጣው ወንዝ የሌለው ሐይቅ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ውሃው እየተነነ ማዕድኑ ስለሚቀር፣ የሐሸንጌ ውሃ በጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ እጅግ የራቀ ቢሆንም ከወንዝ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል።

ዛሬ ከሐይቁ የሚወጡት ዋነኞቹ ዓሦች በሰው እጅ የገቡት ቆረሶና ካርፕ ናቸው። ቆረሶ ሙቅ ውሃ የሚወድ ዓሣ በመሆኑ በደጋ ቅዝቃዜ እድገቱ ይዘገያል፤ ካርፕ ግን ብርዱን ይችለዋል፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት ጢም መሰል ዳሳሾች ጭቃውን እየፈተሸ ከሥር ይመገባል፣ በበዛ ጊዜም ውሃውን ያደፈርሳል። የቆረሶ እናት የዳበረውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ ትሰበስባቸዋለች። በዚህ ወቅት እምብዛም ስለማትመገብ መንጠቆ አትነክስም፣ መረብ ግን ይይዛታል፤ ስለዚህ ለመዝናናት የወጣ ሰው መንጠቆ ቢመርጥ ሐይቁን ያነሰ ይጎዳል። ባሕር ውስጥ የተወሰደውን ዓሣ የሚተካ ከሌላ ዳርቻ ሊመጣ ይችላል፤ በዝግ ሐይቅ ግን የሚተካው እዚያው የተወለደው ብቻ ነው።

ለንግድ የሚሠሩት አጥማጆች የሚጠቀሙበት መረብ በላዩ ተንሳፋፊ፣ በታቹ ክብደት ታስሮበት በውሃው ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚቆም ሲሆን፣ ማታ ተዘርግቶ ንጋት ላይ ይነሣል፤ የዓሣው ራስ በመረቡ ዓይን አልፎ ስንጥቡ ጋ ሲደርስ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ያቅተዋል። የዓይኑ ስፋት የሚያዘውን ዓሣ መጠን ስለሚወስን፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ገና ያልወለደውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ቤተሰብ ግን የሚያስፈልገው ክር፣ መንጠቆና ትል ወይም ሊጥ ነው። ቆረሶ ሲያዝ በጀርባው ያሉትን ሹል እሾሆች ስለሚያቆም፣ ከመንጠቆው የሚላቀቀው መዳፍን ከራሱ ወደ ጅራቱ እያንሸራተቱ እሾሁን በማስተኛት ነው፤ በተቃራኒው የጨበጠ ልጅ ጣቱን ይወጋል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ ሲጠበስ በሚጥሚጣና በእንጀራ ይበላል። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበሉና የማይበሉ ምእመናን ስላሉ፣ ጉዞውን ከማን ጋር እንደሚሄዱ አይቶ መወሰን ብልህነት ነው።

ማጥመድ በሕግ የሚመራ ሥራ ሲሆን፣ በአገር ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ትንሽ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ዋናተኛም ቢሆን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ሊለብስ ያስፈልጋል፤ የደጋ ሐይቅ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባዋን ያናውጣል። ለማጥመድ ምቹው ሰዓት ውሃው የሚረጋበት ማለዳ ሲሆን፣ መንገዱ ግን 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና በአላጄ ተራራ የሚጠመዘዝ ነውና፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከመቸኮል ማይጨው ወይም ኮረም ማደር ይሻላል።