የጋራ ኮምፒዩተር ሲታደስ፤ ችኮላም መዘግየትም ይጎዳል

ለሳይንስ ምርምር የሚያገለግለው ትልቅ ኮምፒዩተር ብቻውን የቆመ አንድ ዕቃ አይደለም። ብዙ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩበት ማኅበር ነው፤ ስሙም ክላስተር ይባላል። አንዱ ተመራማሪ የዝናብን መጠን ሲተነብይበት፣ ሁለተኛው የስንዴን ዘር ሲመረምርበት፣ ተማሪውም ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆነውን ስሌት ሲያሠራበት፣ ሁሉም ከአንድ ገበታ የሚቋደሱ ቤተ ሰቦች ናቸው። ታዲያ ኮምፒዩተሮቹ የሚሠሩበት ፕሮግራም ማርጀቱና መታደስ ማስፈለጉ አይቀርምና፣ የማንም ሥራ ሳይበላሽ ይህ እንዴት ይፈጸማል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል።

ምሳሌውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቦሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል መመልከት ይበቃል። አየር መንገዱ ለምርመራ ብሎ አይሮፕላኖቹን ሁሉ በአንድ ቀን አያቆምም። ተራው የደረሰው አይሮፕላን ከበረራ ወጥቶ ሃንጋር ይገባል፤ ከተፈተሸም በኋላ ባለሙያው ፈርሞ ይመልሰዋል፤ የቀሩትም በሥራቸው ላይ ይቆያሉ። በክላስተርም እንዲሁ አንዱ ኮምፒዩተር አዲስ ሥራ እንዳይቀበል ይደረጋል፤ የያዘውን ሲጨርስ ይታደሳል፤ ተፈትኖም ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል።

ይህን ደንብ መዘንጋት የሚያመጣውን ጉዳት በጃፓን አገር የሚገኘው የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ አይቶታል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ገና በመሥራት ላይ ሳለ በአዲስ ተተካ። በዚህም ምክንያት ትእዛዙ ተዛብቶ፣ ያረጁ መዝገቦችን መደምሰስ ሲገባው የተመራማሪዎችን ሥራ ደመሰሰ። ከታኅሣሥ 5 እስከ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች፣ ይኸውም 77 ቴራባይት ያህል፣ ጠፉ። ከተጎዱት 14 የምርምር ቡድኖች የ4ቱ ሥራ ከመጠባበቂያው እንኳ ሊመለስ አልቻለም። ኮምፒዩተሩን ያቀረበው ኩባንያም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን ሁሉ መልቀም አልተቻለም።

እንግዲያስ አለማደስ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱን ከዚያው ከቦሌ ያገኘዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ፣ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ከአንድ መለኪያ የመጣውን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የደፋው ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም ነበር። ይኸው ፕሮግራም ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ባለቁበት አደጋ ውስጥም ነበረበት። ማረሚያው በመዘጋጀት ላይ ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው አልደረሰም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነው። አየር መንገዱ በማክስ መንገደኛ ማጓጓዝ እንደገና የጀመረው ፕሮግራሙ ከታረመ በኋላ፣ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የክላስተር ኃላፊ መካከለኛውን መንገድ ይይዛል። የጥበቃ ጉድለትን የሚያርመው ፕሮግራም ቶሎ ይገባል፤ ለሌላው ቀን ተቆርጦ ለተጠቃሚዎች አስቀድሞ ይነገራል። አዲሱ በመጀመሪያ በጥቂት ኮምፒዩተሮች ይፈተናል፤ ሥራ የጀመረ ሰው በጀመረበት ይጨርስ ዘንድ አሮጌው ሳይጣል ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል። መጠባበቂያውም በሌላ ስፍራ ይኑር፤ ተመልሶ መነበቡም ይሞከር። ተማሪውም የበኩሉ ድርሻ አለው፤ ፕሮግራሙ ሲለወጥ ውጤቱም በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላልና፣ ስሌቱን የሠራበትን ፕሮግራም ስምና የእትም ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ይመዝግብ።

በጋራ ዕቃ ላይ የሚሾም ወጣት ባለሥልጣን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው፣ በእጁ ያለው የሌሎች ሰዎች የዓመታት ድካም መሆኑን ነው።