የተከላካይ ዋጋ በቅርጫት ኳስ እንዴት ይለካል?

የቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ጄምስ ኔይስሚዝ በተባለ የስፖርት መምህር አማካይነት በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተጀመረ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ሁለት ወገን አለው፤ ይኸውም ማጥቃትና መከላከል ነው። አጥቂው የሠራው ሥራ በነጥብ ስለሚቆጠር ለማንም ግልጽ ነው። ኳሷ ከቅርጫቱ ስትገባ ተመልካች ያጨበጭባል፤ መዝጋቢውም ከአግቢው ስም አጠገብ ቁጥር ያሰፍራል። የተከላካዩ ሥራ ግን ሊሆን የነበረውን ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው። ታዲያ ያልገባ ኳስ እንዴት ይቆጠራል? ያልተወረወረስ ኳስ በማን ስም ይመዘገባል?

ይህ ጥያቄ መልስ በማጣቱ የደረሰውን ጉድለት ለመረዳት የቢል ረስልን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ረስል እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1969 ዓ.ም. ለቦስተን ሴልቲክስ ሲጫወት፣ በ13 የውድድር ዘመናት ከቡድኑ ጋር 11 ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ሻምፒዮን ሆኗል። ዝናው የተመሠረተው ከሁሉ በላይ በመከላከል ችሎታው ላይ ነበር። በመደበኛ ውድድሮች ነጥረው የተመለሱ 21,620 ኳሶችን መያዙ በመዝገብ ሠፍሯል። ነገር ግን የተቃራኒን ውርወራ በአየር ላይ ስንት ጊዜ እንዳጨናገፈ የሚያሳይ ይፋዊ መዝገብ የለም። ምክንያቱም ማኅበሩ የተነጠቁና የተጨናገፉ ኳሶችን መቁጠር የጀመረው ረስል ከተሰናበተ በኋላ፣ በ1973–74 የውድድር ዘመን ስለሆነ ነው።

መቁጠሩ ከተጀመረ በኋላም ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም። ኳስ ለመንጠቅ ዘወትር ቦታውን እየለቀቀ የሚሯሯጥ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሦስት ኳስ ቢነጥቅ ሦስቱም ይመዘገቡለታል፤ ሳይሳካለት በቀረ ቁጥር ከኋላው የከፈተው ክፍተት ግን አይመዘገብበትም። እንዲሁም አንድ ተከላካይ ውርወራውን በኃይል መትቶ ኳሷን ከሜዳ ቢያስወጣት፣ ኳሷ ለዚያው ለአጥቂው ቡድን ትመለሳለች፤ ሌላው በዘዴ ነክቶ ለጓደኛው ቢያደርሳት የራሱ ቡድን ይጠቀማል። በመዝገቡ ላይ ግን የሁለቱም ሥራ እኩል «አንድ» ተብሎ ይጻፋል። በአንጻሩ ከአጥቂው ፊት ሳይርቅ ወደማይመቸው ስፍራ እንዲሄድ የሚያስገድደው ተጫዋች ምንም ቁጥር ሳይጻፍለት ከሜዳ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የዘርፉ ዐዋቂዎች ከተናጠል ድርጊቶች ይልቅ ውጤቱን መለካት ጀመሩ። የመጀመሪያው ርምጃ የመለኪያውን መሠረት ማስተካከል ነው። በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ለራሱም ሆነ ለተቃራኒው ብዙ የማጥቃት ተራ ስለሚፈጥር፣ በአንድ ጨዋታ የተቆጠረበትን ነጥብ ብቻ ማየት ያሳስታል። ለምሳሌ በአንዱ ቡድን ላይ በ100 ተራ 100 ነጥብ፣ በሌላው ላይ በ90 ተራ 95 ነጥብ ተቆጠረ እንበል። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። የሁለቱም ውጤት በ100 ተራ ሲሰላ ግን በሁለተኛው ላይ ከ105 የሚበልጥ ነጥብ ይቆጠራል። እንግዲያው በመከላከል የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ርምጃ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲኖርና ተቀይሮ ሲወጣ በቡድኑ ላይ የሚቆጠረውን ነጥብ ማነጻጸር ነው። ተጫዋቹ ሲኖር በ100 ተራ 105፣ ሲወጣ 112 ነጥብ የሚቆጠር ከሆነ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ዳሩ ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ መከላከል የአምስት ሰዎች የጋራ ሥራ ስለሆነ፣ ደካማው ከአራት ብርቱዎች ጋር ቢሰለፍ ብርቱ መስሎ ይታያል። ይህን ለመለየት ዐሥሩ ተጫዋቾች ሳይለወጡ የቆዩበት እያንዳንዱ ጊዜ እንደ አንድ የሂሳብ ዐረፍተ ነገር ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም በውስጡ እንዳለ ያልታወቀ ዋጋ ይቆጠራል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ዐረፍተ ነገሮች በአንድነት ሲሰሉ የእያንዳንዱ ድርሻ በግምት ይገኛል። ሆኖም ሁለት ተጫዋቾች ዘወትር አብረው ገብተው አብረው የሚወጡ ከሆነ የአንዱን ድርሻ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። በዚህም ላይ የዕድል ነገር አለ፤ ተቃራኒው የቅጣት ውርወራ ቢስት ተከላካዩ ምንም ሳያደርግ ቁጥሩ ያምርለታል። ስለዚህ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት የብዙ ጨዋታ፣ አንዳንዴም የብዙ ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል።

የዚህ ዐይነቱ ስሌት ጥቅም በሼን ባቲዬ ታይቷል። ባቲዬ ለሂውስተን ሮኬትስ ሲጫወት የሚያገባው ነጥብም ሆነ የሚይዘው ተመላሽ ኳስ ብዙ አልነበረም። ማይክል ሉዊስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ እንደገለጸው ግን፣ ባቲዬ ሜዳ ላይ ሲኖር ቡድኑ የተሻለ ውጤት ያገኝ ነበር። እንደ ኮቢ ብራያንት ያለውን ታላቅ አጥቂ ከመግጠሙ በፊት አኀዙን ያጠናል፤ ብዙ ከሚያገባበት ስፍራ አርቆ ጥቂት ወደሚያገባበት ይመራዋል፤ በሚወረውርበትም ጊዜ እጁን ከዐይኑ ፊት ይዘረጋል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በተለመደው መዝገብ ላይ የሚሠፍር አልነበረም።

ከ2013–14 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ በማኅበሩ የመጫወቻ አዳራሾች ሁሉ የተጫዋቾቹንና የኳሷን ቦታ በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚመዘግቡ ካሜራዎች ተተከሉ። በዚህም ውርወራ ሲደረግ ተከላካዩ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር፣ ከቅርጫቱ ሥር በቆመም ጊዜ ተቃራኒዎቹ ስንቱን እንዳገቡ ማወቅ ተቻለ። ነገር ግን ይህም ወሰን አለው። ጓደኛው ያሳለፈውን አጥቂ ለማገድ የሮጠ ሰው ለአጥቂው የቀረበው እርሱ በመሆኑ ብቻ ነጥቡ በስሙ ሊጻፍበት ይችላል፤ ስሕተቱ ግን የጓደኛው ነው። እጅግ የሚፈራ ተከላካይም ከቅርጫቱ ሥር ሲቆም አጥቂው ሐሳቡን ለውጦ ይመለሳል፤ ያልተሞከረውን ውርወራ ለመቁጠር ደግሞ ለካሜራም አይቀልም።

የዚህ ሁሉ ጥናት ጉዳይ የፍርድ ጉዳይ ነው። ተጫዋች የሚቀጠረው፣ ደመወዙ የሚወሰነውና ስሙ በታሪክ የሚቀረው በታወቀለት ሥራ መጠን ነው። መዝገቡ የሚታየውን ብቻ ከቆጠረ፣ የማይታየውን የሚሠራው ሰው ይበደላል። ስለዚህ አስተዋይ አሠልጣኝ አኀዙን ሳይንቅ፣ በአኀዙም ሳይታወር፣ ቁጥሩን ከዐይን ምስክርነት ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል። ያልተቆጠረ ሥራ ሁሉ ያልተሠራ ሥራ አይደለምና።