ምሥራቅ ከሌብነት አልተወለደም

«ፀሐይ ሌሊቱን ተደብቃ፣ ንጋት ላይ እንደ ሌባ ሹልክ ብላ ትመጣለች፤ ምሥራቅ የተባለውም ከመስረቅ ነው» የሚሉ አሉ። ጨዋታው ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም።

ግዕዝ ሁለት የተለያዩ ግሶች አሉት። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ሰረቀ የሌባው ነው። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ሠረቀ ደግሞ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው። ምሥራቅም፣ በባሕረ ሐሳብ የምንሰማው ሠርቀ ወርኅም፣ ሠርቀ ብርሃን የሚለው ስምም ከዚህኛው የመጡ ናቸው። ፊደላቱ ጥንት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ድምፁ አንድ ሲሆን ጽሕፈቱም ተደበላለቀ። በጅዳ ወይም በዱባይ የሠራ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ሰምቶታል፦ አረብኛ ለሌባው ሰረቀ፣ ለምሥራቅ ሸርቅ እያለ እስከ ዛሬ ለያይቶ ይጠራቸዋል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ሲነሣ እኔን ወደ ኋላ የሚጎትተኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌላው ጆሮ የሚያሳስተው ቃል ሌባሻይ ነው። ከምንጠጣው ሻይ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ «እሻለሁ» ከምንለው ግስ የመጣ ነው፣ ሌባ ፈላጊ ማለት። ድሮ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ!

የስርቆሽ በርም ሌባ የሚገባበት በር አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ በጓሮ በኩል ሳይታይ የሚወጣበት ነው። በአማርኛ «ሰረቀ» ውስጥ መደበቅ አለና፤ ሰርቆ አየ ስንል ማንም ዕቃው አልጠፋም። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል ብዙ ሰው «በግልጽ ነው የወሰድኩት፣ አልሰረቅሁም» ብሎ የሚከራከረው። ሕጉ ግን መደበቅን አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 የሚመለከተው የሌላ ሰው ተንቀሳቃሽ ዕቃ፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት ታስቦ መወሰዱን ነው። በጉልበት ወይም በከባድ ማስፈራራት ከተወሰደ ውንብድና (አንቀጽ 670)፣ በአደራ የተሰጠ ዕቃ ከተበላ ደግሞ እምነት ማጉደል (አንቀጽ 675) ይባላል። «መሬቴን ሰረቁኝ» ብሎ የሚከስም በዚህ የስርቆት አንቀጽ አይስተናገድም፤ መሬት ተነቅሎ አይሄድም።