የፉኩሺማ ሟቾችና ያልገደላቸው ጨረር

ሰሞኑን ደግሞ «ፉኩሺማ ላይ በኒውክሌር ጨረር ከ18 ሺህ በላይ ሕዝብ አለቀ» የሚል ወሬ በየስልኩ እየዞረ ነው። ቁጥሩ የሞቱትና የጠፉት ሲደመሩ ትክክል ነው፤ ገዳዩ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጠራርጎ የወሰደው መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን የመታው ሱናሚ ነው። አብዛኞቹ ያለቁትም በሚያጊና በኢዋቴ እንጂ በፉኩሺማ ግዛት አይደለም።

ጨረር ምን እንደሆነ ብዙ ተጽፏልና ልለፈው። ሰው የማይነግራችሁ ሱናሚው የፉኩሺማን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ካበላሸ በኋላ የሆነውን የሽሽቱን ነገር ነው። ከኃይል ማመንጫው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ነበሩ። ውጡ ሲባል የአልጋ ቁራኛ የነበሩ አዛውንት አውቶቡስ ወንበር ላይ ተደግፈው ለሰዓታት ተጓዙ። በቱቦ ይመገብ የነበረው ምግቡም ውሃውም ይቋረጥበታል፤ ሰውነቱ ሲደርቅ ደሙ ይወፍራል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። በደንብ መዋጥ የማይችል ሰው አንገቱ ዘንበል እንዳለ ሲውል ምራቁ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያስከትላል። የሕክምና መዝገቡ ወደኋላ ስለቀረ የምትቀበለው ነርስ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አታውቅም። በዚያው ወር መገባደጃ ቢያንስ 60 ታካሚዎች ሞተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጉዳት ዓመታት ፈጅቷል። ማሳቸውን ሲኮተኩቱ የኖሩ ሰዎች ጠባብ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ተቀመጡ፤ ውፍረት፣ ስኳርና ደም ግፊት ተከታትለው መጡ። የጃፓን መንግሥት በፉኩሺማ ግዛት ከአደጋው መዘዝ ጋር ያያያዛቸው ሞቶች ከ2,300 በላይ ናቸው፤ እዚያው ግዛት ሱናሚው ራሱ ከገደላቸው ይበልጣሉ።

ታዲያ ጨረሩ ማንንም አልነካም ማለቴ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥት የአንድ የማመንጫው ሠራተኛን የሳንባ ካንሰር ሞት ከጨረር ጋር አያይዞ ካሳ ፈቅዷል። የሚያከራክረው የፉኩሺማ ልጆች የታይሮይድ ካንሰር ነው። ወደ 300 ሺህ ልጆች በአልትራሳውንድ ሲመረመሩ ከ200 በላይ በሚሆኑት ላይ ካንሰር ወይም የካንሰር ጥርጣሬ ተገኘ። ነገር ግን ምንም የኒውክሌር አደጋ ያልደረሰባት ደቡብ ኮሪያም አዋቂዎችን በገፍ ስትመረምር በታይሮይድ ካንሰር የሚመዘገቡ ታማሚዎቿ ምጣኔ በ1993 ከነበረው በ2011 እ.ኤ.አ. 15 እጥፍ ደርሷል፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ግን አልጨመረም። መሣሪያው ዕድሜ ልክ ተደብቆ የሚኖረውንም ዕጢ ያያል። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ኮሚቴም በነዋሪዎቹ ላይ በቀጥታ ከጨረር የመጣ የጤና ጉዳት አልመዘገበም። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

መዝገብ ወደኋላ ሲቀር ለሚደርሰው ችግር ለዝግጅት የሚሆነውስ? ጃፓኖች ፋርማሲ በሄዱ ቁጥር የመድኃኒቱ ስምና መጠን የሚለጠፍበት ደብተር አላቸው። ክሊኒካቸው ከነመዝገቡ በውሃ የተወሰደባቸው ሕመምተኞች ደብተሩን ለማያውቃቸው ባለሙያ እያሳዩ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን ተቀብለዋል።