የሶፍትዌር ጥቅሎች አስተዳዳሪ «አፕት» እና አዳዲስ ባሕርያቱ

ኮምፒውተር ያለ ሶፍትዌር ግዑዝ ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ሶፍትዌሩ ከአዘጋጁ እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው የሚደርስበትና በሥርዓት የሚተከልበት መንገድ ግን ብዙም አይነገርለትም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው በአዲስ ቅዳም የሚኖር አንድ ተማሪ በሞባይል ኢንተርኔት ፕሮግራም ሲያወርድ ለሚያወርደው ሁሉ ይከፍላል፤ ሥራው ተጋምሶ ሳለም መብራት ሊጠፋበት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጠቃሚ ተከላው በትክክል መፈጸሙ የገንዘብም የጊዜም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ በዴቢያንና በኡቡንቱ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራውን «አፕት» የተባለ ነፃና ክፍት ምንጭ መሣሪያ እንመለከታለን። ትእዛዞቹ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ ግን እዚህ በድምፃቸው አስፍረናቸዋል።

ዴቢያን በ1993 እ.ኤ.አ. በኢያን መርዶክ የተመሠረተ የሊኑክስ ሥርዓት ሲሆን፣ ሶፍትዌሮቹን የሚያሠራጨው በ«ጥቅል» መልክ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል በውስጡ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የአጠቃለሉን ዓይነት የሚገልጽ አነስተኛ ፋይል፣ ስለ ጥቅሉ ማንነትና ፍላጎት የሚናገር መግለጫ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ። ጥቅሉን ፈትቶ በየቦታው የሚያስቀምጠው «ዲፒኬጂ» ይባላል። አፕት ከእርሱ በላይ ተቀምጦ የሚያስፈልገውን ከመጋዘን ያመጣል፣ ቅደም ተከተሉንም ይወስናል። ማውረዱ በመሐል ቢቋረጥ አፕት የወረደውን ቁራጭ አስቀምጦ ካቆመበት ለመቀጠል ይሞክራል። ዲፒኬጂም የእያንዳንዱን ጥቅል ሁኔታ፣ «ተፈትቷል» ወይም «በከፊል ተዋቅሯል» እያለ፣ በዲስክ ላይ ስለሚመዘግብ መብራት ሲመለስ የቀሩትን ሁሉ እንዲያዋቅር ማዘዝ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው።

ከባዱ ሥራ ጥቅሎች እርስ በርስ መፈላለጋቸው ነው። ጠላ ለመጥመቅ ጌሾና ብቅል ያስፈልጋል፤ ብቅሉ ደግሞ ገብስ ይፈልጋል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን «ገብሱ ካለፈው ዓመት ምርት ያልቆየ ይሁን»፣ «ይህ ጋን ባለበት ያኛው አይግባ» የሚሉ ተጨማሪ ሁኔታዎች ይኖሩታል። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 13ኛው የዴቢያን እትም ከ69 ሺህ በላይ ጥቅሎችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ሁሉንም ሁኔታዎች የሚያሟላ ስብስብ መኖር አለመኖሩን መወሰን፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያዎች እንዳረጋገጡት፣ ለሁሉም አጋጣሚ የሚሠራ ፈጣን መፍትሔ ካልተገኘላቸው የችግር ምድቦች ውስጥ ይመደባል።

የቀድሞው አፕት ይህን ችግር ይፈታ የነበረው ለጥቅሎቹ ነጥብ እየሰጠ፣ ግጭት ሲያጋጥመውም አነስተኛ ነጥብ ያገኘውን ለማስወገድ ሐሳብ እያቀረበ ነበር። ዘዴው ፈጣን ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ውጤት ያመጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው የቴክኖሎጂ ቪዲዮ አዘጋጅ ሊነስ ሴባስቲያን «ፖፕ ኦኤስ» በተባለው ሥርዓት ላይ የጨዋታ ፕሮግራም ሊተክል ሲሞክር በአንድ ጥቅል ላይ በነበረ ጊዜያዊ ስሕተት ምክንያት መሣሪያው የመስኮቶቹን ሥርዓት በሙሉ እንደሚያስወግድ ነገረው። ማስጠንቀቂያው በረጅም የጥቅል ስሞች ዝርዝር ውስጥ ተውጦ ነበርና የማረጋገጫውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቀጠለ፤ ወዲያውም በጥቁር ስክሪን ፊት ተቀመጠ። በእኛ ግምት ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም። የአፕት አዘጋጆችም ከዚያ በኋላ መሠረታዊ ጥቅሎችን ማስወገድን አጥብቀው አገዱ።

በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጣው አፕት 3.0 ይህንኑ አቅጣጫ ተከትሏል። ዝርዝሩ በዓምድ ተደርድሮ ይቀርባል፤ የሚተከሉት በአረንጓዴ፣ የሚወገዱት በቀይ ይጻፋሉ፤ የሚወገዱትም ዓይን በሚያርፍበት በመጨረሻው ስፍራ ይቀመጣሉ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኛ ግን ከሁሉ የላቀ ለውጥ አድርገን እንቆጥረዋለን። ከዚህም ሌላ አዲስ ፈቺ ተጨምሯል። ይህ ፈቺ ከአንድ ምርጫ የሚከተለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይከታተላል፤ ግጭት ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ምርጫ ይሞክራል፤ ተጠቃሚው ራሱ የተከለውንም በገዛ ፈቃዱ አይነካም። በ3.0 ውስጥ የቀድሞው ፈቺ መፍትሔ ሲያጣ ብቻ የሚጠራ ነበር። በተከታዮቹ እትሞች አንድ ጥቅል ለምን እንደተተከለ የሚያስረዳ «አፕት ዋይ» የተሰኘ ትእዛዝና የተፈጸሙ ተከላዎችን ዘርዝሮ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስችሉ ትእዛዞች መጥተዋል።

ስለ ፊርማ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም፤ በአካባቢያችን ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነውና። አፕት የመጋዘኑን ማውጫ ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ማውጫው ደግሞ የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ ይዟል። በመሆኑም ከጥቅሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ይታወቃል። አፕት 3.0 ለዚህ ምርመራ በዴቢያን ላይ «ሴኮያ» በተባለው አዲስ ፕሮግራም ይጠቀማል። ነገር ግን ጓደኛ በፍላሽ የሰጠንን አንድ ብቸኛ ጥቅል በቀጥታ በዲፒኬጂ ስንተክል ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ማንም ፊርማ የመረመረ የለም። ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነጠላ ጥቅሎችን ከመሰብሰብ ይልቅ መጋዘኑን ከነማውጫውና ከነፊርማው በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ማምጣት ይመረጣል። አፕት ሃርድ ዲስኩን እንደ ሩቅ መጋዘን ቆጥሮ ይመረምረዋል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለበት ኢንተርኔትም ለሃያ ኮምፒውተር ይበቃል። «አፕት ኦፍላይን» የተባለው አጋዥ መሣሪያ ደግሞ የሚያስፈልገውን ብቻ መዝግቦ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ በሌላ ኮምፒውተር ለማውረድ ያስችላል።

የቋንቋው ነገር ገና ሥራ ይጠይቃል። በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው የዴቢያን እትም አማርኛን ከመትከያው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ጨምሯል፤ ሆኖም በአማርኛ የሚሠራው በሥዕላዊው ገጽታ ብቻ ነው። የሊኑክስ የጽሑፍ ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 የማይበልጡ ቅርጾችን ስለሚይዝ ለፊደላችን ይጠበዋል። በሥዕላዊው ገጽታ ግን «አቢሲኒካ» የተሰኘው ነፃ የፊደል ቅርጽ እንደማንኛውም ጥቅል በአፕት ይተከላል፤ በአዊኛ ጽሑፍ የምናገኘውን «ጘ»ን የመሰለ ፊደልም በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር አለው። የአፕት መልእክቶች ግን በአማርኛ አልተተረጎሙም። የአዲስ ቅዳሙ ተማሪ የሚወገዱትን ጥቅሎች ዝርዝር ሲያይ ርእሱ የሚቀርብለት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀለሙ ግን ቀይ ነው።