ጨዋታን ስለ መሥራት ትምህርት

በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የሚታየውን፥ ቪዲዮ ጌም የሚባለውን ጨዋታ ብዙ ወላጆች በክፉ ዓይን ይመለከቱታል። ልጁ ጥናቱን ትቶ ከመስተዋቱ ፊት ተተክሎ ሲያመሽ የሚያይ አባት ጨዋታውን የጊዜ ሌባ ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጨዋታን በመጫወትና ጨዋታን በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ጠጅን በመጠጣትና ጠጅን በመጣል መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ነው፤ ጠጪው ብርሌውን ከማንሣት በቀር ሌላ ሥራ የለበትም፤ ጣዩ ግን የማሩን ልክ፥ የጌሾውን መጠን፥ የሚበስልበትንም ቀን ማወቅ አለበት። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጣዩ ነው። ይኸውም ፕሮግራም መጻፍን ከቶ የማያውቅ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፥ በኢንተርኔት በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይህን ሙያ እንዴት ሊጀምረው እንደሚችል ነው።

ለነገሩ መልካም ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ አገር፥ በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በኮርሴራ አማካይነት የከፈተው ትምህርት ነው (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮርሴራ በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አንድሩ ኢንግና ዳፍኒ ኮለር ያቋቋሙት፥ የዩኒቨርሲቲዎችን ትምህርት በኢንተርኔት ለዓለም ሕዝብ የሚያደርስ ድርጅት ነው። የራይስ መምህራን ጆ ዋረን፥ ስኮት ሪክስነር፥ ጆን ግራይነርና ስቲቨን ዎንግ አራት ሆነው ያዘጋጁት ይህ ትምህርት ለጀማሪዎች የታሰበ ነበረ፤ የመረጡትም የኮምፒዩተር ቋንቋ ፓይተን ነው። ፓይተን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም ፈጥሮት በ1991 ዓ.ም. ለሕዝብ የወጣ ነው፤ ስሙም ብዙዎች እንደሚመስላቸው ከዘንዶው የተወሰደ ሳይሆን፥ ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች የተወረሰ ነው።

ጀማሪውን አስቀድሞ የሚያደክመው ፕሮግራም መጻፉ ሳይሆን መሣሪያውን ማሰናዳቱ ነው። ይህን አውርድ፥ ያንን ጫን፥ ይኸኛው ከዚያኛው ጋራ አይስማማም ሲባል፥ ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ ልቡ ይዝላል። ስኮት ሪክስነር ይህን ስላወቀ ኮድስከልፕተር የሚባል የመጻፊያ ገጽ ሠራ። ተማሪው ማንኛውም ሰው ኢንተርኔት በሚከፍትበት መሣሪያ ገጹን ከፍቶ በግራ በኩል ይጽፋል፤ አንዲት ምልክት ሲጫን የጻፈው ነገር ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። የሚጫን ነገር የለም፤ የሚገዛም ነገር የለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ አሳብ ስንት ሺህ ተማሪን በደጅ ከመቅረት ያዳነ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ጨዋታ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ድንጋይ፥ ወረቀትና መቀስ የሚባለው የእጅ ጨዋታ ሁለት ተጨምረውበት በአምስት ምልክቶች ይሠራ ነበር። አሸናፊውን ለማወቅ ሁሉን በየተራ ይህ ከሆነ ያ ይሁን እያሉ መጻፍ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ አድካሚ ነው። መምህራኑ ግን ምልክቶቹን ከ0 እስከ 4 በቁጥር አስቀመጡአቸውና አንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ፥ ልዩነቱን ለአምስት አካፍሎ ቀሪውን ማየት እንደሚበቃ አሳዩ፤ ቀሪው 1 ወይም 2 ቢሆን አንደኛው ያሸንፋል፥ 3 ወይም 4 ቢሆን ሁለተኛው ያሸንፋል፥ 0 ቢሆን እኩል ናቸው። በልጅነቱ የማካፈል ቀሪ ምን ይሠራል እያለ ያጉረመረመ ሰው ሁሉ መልሱን እዚህ ያገኘዋል። ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ በልቡ የያዘውን ቁጥር መገመት ነበረ፤ ከ0 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ሁልጊዜ መካከሉን እየጠየቀ የሚሄድ ሰው በሰባት ጥያቄ ያገኘዋል፤ ቁጥሮቹ አንድ ሺህ ቢሆኑም አሥር ጥያቄ ይበቃዋል። ከእነዚህ በኋላ የሰዓት መቁጠሪያው፥ የካርታ ጨዋታዎቹ፥ በመጨረሻም በጠፈር የሚበርር መርከብ ይመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊነገርለት የሚገባው በመካከል ያለው ፖንግ ነው።

ፖንግ በአታሪ ድርጅት በ1972 ዓ.ም. የወጣ፥ የጠረጴዛ ቴኒስን የሚመስል ጨዋታ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት መምቻዎች፥ በመካከልም አንዲት ኳስ አለች፤ ሌላ ነገር የለውም። የድርጅቱ መሥራች ኖላን ቡሽኔል አላን አልኮርን የሚባለውን አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ እጁን እንዲያፍታታ ብሎ የሰጠው የልምምድ ሥራ ነበረ፤ ለገበያ ይውላል ተብሎ የታሰበ አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ ለጀማሪ ተማሪ ልምምድ ሆኖ የሚሰጠው ሥራ ገና ሲወለድም ልምምድ ነበረ ማለት ነው።

ኳሲቱ በእውነቱ አትሮጥም። ኮምፒዩተሩ ሰሌዳውን በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል እያጠፋ እንደ ገና ይሥለዋል፤ በያንዳንዱም ሥዕል የኳሲቱን ቦታ በጥቂት ያዛውረዋል፤ ዓይናችን ግን ሥዕሎቹን አያይዞ እንቅስቃሴ ያደርጋቸዋል። ኳሲቱ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ግድግዳ ስትደርስ የመውጣትና የመውረድ ፍጥነቷን ቁጥር ምልክት መገልበጥ ነው፤ ሲደመር የነበረው ሲቀነስ ይሆናል፥ ኳሲቱም ትመለሳለች። መምቻው ባገኛት ቁጥር ደግሞ ጨዋታው እየከበደ እንዲሄድ ፍጥነቷ በ10 በመቶ ይጨመራል።

ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ሲጽፉት ነው። የሰሌዳው ቁመት 400 ነጥብ፥ የኳሲቱም ከመካከል እስከ ጠርዝ 20 ነጥብ ነው እንበል። ተማሪው ኳሲቱ ከላይ ልክ 20 ላይ ስትሆን ትመለስ ብሎ ይጽፋል። ነገሩ ትክክል ይመስላል። ኳሲቱ ግን ከመካከል ከ200 ተነሥታ ሰባት ሰባት እየዘለለች ስትወጣ ከ25 ወደ 18 ታልፋለች፤ 20ን ከቶ አትረግጥም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ጥሳ ከሰሌዳው ትጠፋለች። ተማሪው 20 ላይ ስትሆን ማለትን ትቶ 20 ላይ ስትደርስ ወይም ስታልፍ ማለት ነበረበት። በሰውና በሰው መካከል በሚደረግ ንግግር እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ ናቸው፤ ሰሚው የተናጋሪውን አሳብ ገምቶ ጉድለቱን ይሞላለታልና። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም፤ የተባለውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም።

ከዚህም የሚብስ አለ። በፓይተን ቋንቋ በአንድ የፕሮግራም ክፍል ውስጥ ለአንድ ስም አዲስ ዋጋ ሲሰጡት፥ ያ ስም የዚያ ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከውጭ ያለውን ተመሳሳይ ስም አይነካውም። ልጅ በቤቱ አቡሽ ቢባል የትምህርት ቤት መዝገብ በዚያ ስም እንደማያውቀው ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው ኳሲቱ ወደ መካከል ትመለስ ብሎ ይጽፋል፥ ኳሲቱም ከነበረችበት አትነቃነቅም፤ ኮምፒዩተሩም ይህን ተሳስተሃል አይለውም። ይህ ስም የውጭው ነው ብሎ በአንዲት ቃል አስቀድሞ ማስታወቅ ይበቃው ነበር። ይህችን ቃል ፈልጎ ለማግኘት አንድ ሌሊት የፈጀ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። በሌላ ትምህርት ስሕተት የሚታወቀው መምህሩ ሲያርም ነው፤ እዚህ ግን የጠፋችው ኳስ ራሷ ትናገራለች። ጨዋታን ለጀማሪ መልካም ማስተማሪያ የሚያደርገው ይህ እንጂ አስደሳችነቱ ብቻ አይደለም።

ተማሪው ብዙ፥ መምህሩ አራት ሲሆን ሥራውን ማን ያርመዋል? የራይስ መምህራን መልስ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይተራረሙ የሚል ነበረ። እያንዳንዱ ሥራውን ካስረከበ በኋላ የአምስት ባልንጀሮቹን ጨዋታ ከፍቶ፥ ተጫውቶ፥ በተሰጠው መመዘኛ መሠረት ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም የራሱን ይመዝናል። በዚህ ዘዴ ላይ ማጉረምረም ቀላል ነው፤ አንዱ ጨካኝ፥ ሌላው ለጋስ፥ ሦስተኛው ሰነፍ ነውና። ቢሆንም አምስት ሰዎች አንዱን ፖንግ በአምስት መንገድ ጽፈውት ማየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል፤ እኔ በ20 መስመር የጻፍሁትን እሱ በስድስት ጽፎታል ብሎ የሚደነቅ ተማሪ በዚያች ቀን ተምሯል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት ከሚመዘገቡት ሰዎች የሚበዙት አይጨርሱትም። የሚቀጣ የለም፥ የሚጠራ የለም፥ ደወልም የለም። የመምህሩን ትምህርት በቪዲዮ ተመልክቶ ገባኝ ማለት ራስን የማታለል ዋነኛ መንገድ ነው፤ ሲጨፍር ያዩት ሰው ሁሉ እስክስታ የሚያውቅ ይመስለዋልና። በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፈተናው በርትቷል። ፖንግን ጻፍልኝ ቢሉት ሰው ሠራሹ አእምሮ ሙሉውን በጥቂት ቅጽበት ጽፎ ይሰጣል። እንግዲያው ለምን እንድከም የሚል ወጣት ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። መልሳችን ይህ ነው። ዓለም አንድ ተጨማሪ ፖንግ አላስፈለጋትም፤ መምህሩም ጨዋታውን የሚያዝዘው ጨዋታው ቸግሮት አይደለም። የሚፈለገው ኳሲቱ ስትጠፋ የት እንደ ጠፋች የሚያውቅ ሰው ነው። መሣሪያው የጻፈውን አንብቦ እዚህ ላይ ስትሆን ብሏል፥ ስታልፍ ማለት ነበረበት ብሎ ለማረም የሚችለው አስቀድሞ በራሱ እጅ የደከመበት ነው። ሌላው የምስክር ወረቀት ቢይዝም ቀጣሪው ፊት ተቀምጦ ይህች መስመር ምን ትሠራለች ተብሎ በተጠየቀ ሰዓት የሚመልሰው አይኖረውም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2024 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋራ ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ፕሮግራም መጻፍንና የመሳሰለውን ሙያ በኢንተርኔት እንዲማሩ የሚያደርግ ሥራ ጀምሯል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በዚያው ልክ ቪዲዮውን አይቶ ብቻ የሚያልፈው ሰው እንዳይበዛ ማሰብ ያሻል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ የኢንተርኔት ዋጋም ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑም ሌላ ሸክም ነው፤ ልጁ ሁለት ባዕድ ቋንቋ፥ የሰውንና የኮምፒዩተርን፥ በአንድ ጊዜ ይማራልና።

ሸክሙን ጥቂት የሚያቀልለት ግን የሚሠራው ጨዋታ አስቀድሞ የሚያውቀው ሲሆን ነው። ገበጣን እንውሰድ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፥ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር ያለውን ዓይነት ብንወስድ፥ ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቆጥሮ ማስቀመጥ ይበቃል። ከ9ኛው ቁጥር አራቱን ጠጠር ያነሣ ተጫዋች በ10፥ በ11፥ ከዚያም ዞሮ በ0ና በ1 ይዘራል፤ ዙሩን የሚያገኘውም ለ12 አካፍሎ ቀሪውን በመውሰድ ነው፤ ይህም በእጅ ጨዋታው ያየነው ብልሃት ነው። ሥዕሉም ከኳስ ይቀልላል፤ ጠጠር አይሮጥምና። የሚከብደው ደንቡ ነው። መቼ ይበላል፥ መቼ አንሥቶ ይቀጥላል፥ መቼስ ጨዋታው ያበቃል የሚለው በየአገሩ ይለያያል፤ ኮምፒዩተርም ልማድ ነው ቢሉት አይቀበልም። ስለዚህ ተማሪው መጻፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጨዋታውን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ደንቡን አንድ ባንድ ጠይቆ በወረቀት ላይ ያስፍር፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዱ ደንብ ባይስማሙ ሁለቱንም ይጻፍና ምርጫውን ለተጫዋቹ ይተውለት።