ለራስ መራራትን በቡድን መማር

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ስለ እርሱ የሚባለውን አይሰማም የሚል እምነት በየቤቱ አለ። ስህተት ነው። ፊደል ላይለይ ይችላል፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ መገፋቱን ግን ይለያል። ዕድሜው ሲገፋ ስድቡ የራሱ ድምፅ ይሆናል፤ ብርጭቆ ሲያመልጠው «እኔ አልረባም» የሚለው ራሱ ነው።

በርኅራኄ ላይ ያተኮረው የቡድን ሕክምና የሚሠራው በዚህ ድምፅ ላይ እንጂ በውስንነቱ ላይ አይደለም። መሠረቱን የጣሉት ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት ናቸው። እርሳቸው እንደሚያስረዱት ስሜታችንን ሦስት ነገሮች ይመሩታል፦ ከአደጋ የሚጠብቀን፣ ለማግኘት የሚያሯሩጠንና የሚያረጋጋን። ሲሰደብ ያደገ ሰው የመጀመሪያው ሌት ተቀን ነቅቶበታል፤ ሦስተኛው አልለመደለትም።

ይህ በረጅም ንግግር አይገባም። ስለዚህ ሦስቱ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ክብ ይሳላሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ነገሩ ይደጋገማል። ከልምምዶቹ አንዱ፦ እግርን መሬት ማስነካት፣ ትከሻን ማላላት፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስገባትና ማስወጣት፣ ከዚያ አንድ ደግ ሰው በሐሳብ አምጥቶ እርሱ በሚያናግርበት ድምፅ ራስን ማናገር። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ጥቂት ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ራስን መውቀስና ራስን ከሌላው አሳንሶ ማየት እንደቀነሰ አሳይቷል። ትንሽ ማስረጃ ነው፤ ግን ተስፋ አለው። ለእኔ ትልቁ ነገር ቡድን መሆኑ ነው፤ እንደ እርሱ የተሰደበ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሲያገኝ ነውሩ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን በዓይኑ ያያል።

አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ አንዳንድ ወላጆች ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆቻቸውን ከቤት ማውጣት ጀመሩ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች ግን ዛሬም ቤት ናቸው። ለእነርሱ ቡድን ለመጀመር ሐረርን አስባለሁ፤ በፈላና በር ገብተን በግንብ ወደታጠረው የጀጎል መንደሮች ስንዘልቅ አፎቻ አለ፤ ሴቱም ወንዱም በየፊናው ተሰባስቦ ሠርግና ሐዘንን የሚወጣበት ማኅበር። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት ከተማ የቡድን ሕክምናውን መጀመር ከባድ አይሆንም። የሠለጠነ ባለሙያ፣ ባለቀለም ወረቀትና ሰው የማይገላምጥበት ክፍል ይበቃል። በሐረሪ ቤት መደቡ እንደ ማዕረግ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በዚህ ቡድን ግን ባለሙያውም አባላቱም በአንድ መደብ ይቀመጡ፤ ቋንቋውም ሐረሪ ይሁን ኦሮምኛ ወይም አማርኛ፣ አባሉ በቤቱ የሚያወራው ይሁን።